«ባዶ መሬት» ላይ የተጠየቀው ፊርማ

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። በኮምፒውተር ተጽፎ የቤት ሥራ ማኅበሩ ማኅተም አርፎበታል፤ ከታች የሃያ አራት አባላት ስም ተደርድሯል። ሃያ ሦስቱ ፈርመዋል። ፍሬ ነገሩ ያለው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው፦ በጨለለቃ ዳርቻ የሚገኘው መሬት «ውሃ የሌለበት፣ ለማንኛውም አገልግሎት ያልዋለና ባዶ መሆኑን የአካባቢው ነዋሪ የሆንን እኛ አባላት እናረጋግጣለን» ይላል። የቀረችው ፊርማ የመቶ አለቃው ናት።

ሊቀመንበሩ ቤታቸው ድረስ የመጣው በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የካቲት ላይ ነበር። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀም። «መቶ አለቃ፣ ከሁላችንም ፊርማ የእርስዎ ነው ክብደት ያለው» አለ። «በየማለዳው እዚያ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ባዶ ነው ካሉ ማን ይከራከራል?»

መቶ አለቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ «እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጠኝ» አሉ። ሊቀመንበሩ የጾም ነገር መስሎት አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። የጾም ነገር አልነበረም። መቶ አለቃው ያሰቡት ወፎቹን ነው። ጾሙ ሲገባ ወፎቹ መሄድ ይጀምራሉ፤ ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ስለዚያ መሬት «አረጋግጣለሁ» ማለት ካለበት፣ ማየት ያለበት በእነዚህ ሁለት ወራት ነው።

ቢሾፍቱ በሐይቅ የታወቀች ከተማ ናት። ሆራን ለእሬቻ የሚመጣው ሕዝብ ያውቀዋል። ባቦጋያንና ኩሪፍቱን የሰርግ ካሜራ ያውቃቸዋል። ጨለለቃን ግን ለጫጉላ የሚመርጠው ሙሽራ የለም። ሌሎቹ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ በከተማዋ ስም የሚጠራው ሐይቅ ብቻ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ጨለለቃ ግን በሜዳ ላይ የተዘረጋ የዝናብ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ በጋው ሲገፋ ይሸሻል፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት መሀሉን በእግር ማቋረጥ ይቻላል። ከዓመት ዓመትም እየጠበበ ነው። በአንድ ወገን ከታረሰው ዳገት የሚወርደው አፈር ይሞላዋል፣ በሌላ ወገን ከተማው ይጠጋዋል። በሚያዝያ ፀሐይ መኪናውን አቁሞ ለአምስት ደቂቃ የተመለከተው ሰው የሚያየው የተሰነጠቀ ጭቃ፣ የከብት ኩበትና ሁለት እረኞች ነው። ያ ሰው ባዶ ነው ቢል አይፈረድበትም። ጥፋቱ አምስት ደቂቃ ቆሞ ሁለተኛውን አንቀጽ መጻፉ ላይ ነው።

መቶ አለቃው የአየር ኃይል ሰው ነበሩ፤ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን። በ1970ዎቹ ሚግ ጠግነዋል፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መፍቻቸውን አስረክበው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ የጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነው ሠሩ፤ ሥራ ቦታቸው ከሐይቁ ማዶ ስለነበር ጠዋትና ማታ ጨለለቃን ዳር ዳሩን ይዘው ይመላለሱ ነበር። ወፍ ማየት የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም አላስተማራቸውም። ባይኖኩላራቸውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው የገዙት። የሶቪየት ሥሪት ነው፣ የግራው መስታወት ጥጉ ተሸርፏል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ጠርዝ የት እንደደረሰ፣ የታየው ወፍ፣ ብዛቱ።

ስም መጀመሪያ ላይ አስቸግሯቸው ነበር። አማርኛ ለዶሮ ዘር፣ ለጭልፊትና ለአሞራ ስም አያጣም፤ ረጅም እግር ያለውን ወፍ ግን ብዙ ሰው በጅምላ ሽመላ ብሎ ያልፈዋል። ከሰሜን የሚመጣው ነጩ ሽመላም ሽመላ፣ ዓሣ አጥማጁም ሽመላ፣ ክሬኑም ሽመላ። መቶ አለቃው ክሬኑን እንደ ፈረንጆቹ ክሬን ብለው ጻፉትና አለፉ። ግራጫ ነው፣ ቁመቱ የልጅ ያህላል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ድምፁ ወፉ ከመታየቱ አስቀድሞ ይሰማል፤ ጥሩምባ ይመስላል።

የዚያ ጥልቀት አልባ ውሃ ጥቅም የሚገባው ይህን ክሬን ያየ ሰው ነው። ክሬኑ ቀን ቀን በአድአ ሜዳ ላይ ከታጨደ ማሳ የወደቀ ሽምብራና እህል ሲለቅም ይውላል። ማታ ግን ዛፍ ላይ አይወጣም፤ የሚተኛው ቆሞ ነው፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ። ጅብ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቅና ያነቃዋል። ስለዚህ ሰማንያ ሜትር የሚጠልቀው ሐይቅ ለክሬን አልጋ አይሆንም። አልጋው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ውሃ ነው። ሰው «እዚህ ግባ የማይባል ውሃ» የሚለው ማለት ነው።

የካቲት ሲጋመስ ክሬኖቹ ይረበሻሉ። መቶ አለቃው ይህን ያወቁት ከብዛታቸው አይደለም፤ ከሰዓቱ ነው። ሌላ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳ የሚበርሩት፣ በዚያ ሳምንት እስከ ረፋዱ ሦስትና አራት ሰዓት እዚያው ይቆማሉ። መሬቱ እስኪሞቅ እየጠበቁ ነው። ከሞቀው መሬት አየር ሲነሣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይወጡበታል፤ እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ ነጥብ እስኪያህሉ። ከዚያ ሰልፋቸውን ይሠሩና ወደ ሰሜን ያቀናሉ። ዘንድሮ ትልቁ መንጋ በሄደበት ጠዋት መቶ አለቃው አንገታቸውን አቅንተው የቆሙት አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ለሁለት ቀን አንገታቸውን እያሹ ከረሙ። ሲወጡ እንደማይጠሩ፣ ከፍ ካሉ በኋላ ግን ድምፃቸው እንደሚወርድ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። በማግስቱ አሥራ አንድ ቀርተው ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት።

የሚሄዱበት ይታወቃል። የኢስቶኒያና የፊንላንድ ተመራማሪዎች መከታተያ መሣሪያ ካሰሩላቸው ክሬኖች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የከረሙ አሉ፤ መንገዱ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰሜኖቹ ይህን ለማወቅ ያላወጡት ገንዘብ የለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የሩሲያ ተመራማሪዎች ንስር ላይ የገጠሙት መሣሪያ ያለበትን ቦታ በስልክ መልእክት ይልክ ነበር፤ ሚን የተባለችው ንስር ከካዛኪስታን ወጥታ ኢራን ስትደርስ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ በውጭ አገር የስልክ ዋጋ ለቀቀችውና በጀታቸውን አሟጠጠችው። ነገሩ በዓለም ዜና ሆኖ የስልክ ኩባንያው ዕዳውን እስከ መተው ደረሰ። አንድ ንስር የት እንዳደረች ለማወቅ ይህን ያህል የሚከፈልበት ዓለም አለ። ጨለለቃ ላይ ስንት እንዳደሩ የሚያውቀው ደግሞ አንድ የተማሪ ደብተር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው እውቀት ደግሞ ያስቃል። አውሮፓ ውስጥ ወፎች ክረምቱን ሐይቅ ሥር ጭቃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ ብለው የሚያምኑ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። በ1822 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሰሜን ጀርመን ክሉትዝ በምትባል መንደር አጠገብ አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ፤ አንገቱን የአፍሪካ ጦር ወግቶት፣ ጦሩ እንደተሰካ ነበር አገሩ የገባው። ሽመላው ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ወፎቹ የት እንደሚከርሙ ከተረጋገጠባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ማስረጃውን የላከው እንግዲህ ስሙ ያልተመዘገበ አንድ አፍሪካዊ አዳኝ ነው፤ ያውም ሳያስበው።

የአውሮፓ ጸደይ በእኛ በልግ ላይ ይውላል። በሚያዝያ አንድ እንግሊዛዊ ወይም ፖላንዳዊ መስኮቱን ከፍቶ «ወፌ መጣች» ሲል፣ ከየት ተሸኝታ እንደመጣች አይጠይቅም። መቶ አለቃውን ይህ ነገር ያበሳጫቸዋል። ሒሳቡን ይቆጥሩታል፤ ቢጫዋ ወፍ ለምሳሌ መስከረም ላይ መጥታ ሚያዝያ ላይ ትሄዳለች። ሰባት ወር ያህል እዚህ ናት። ከቀሩት አምስት ወራት የመንገዱ ሲቀነስ ለአውሮፓ የሚደርሰው አራት ወር ቢሆን ነው። ታዲያ እንግዳዋ የማን ናት?

ስለዚህች ቢጫ ወፍ ማውራት ከጀመሩ ማቋረጥ አይቻልም። የሎው ዋግቴል ትባላለች፤ ከድንቢጥ ትከሳለች፣ ክብደቷ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ግራም ቢሆን ነው፣ ጭራዋን ሳታወዛውዝ አንድ ደቂቃ አትቆምም። በበጋው ከከብት እግር ሥር አትጠፋም፤ ላሟ ሣሩን ስትረግጥ የሚነሣውን ዝንብ ትለቅማለች። እረኞቹ የከብት ወዳጅ መሆኗን ያውቃሉ፤ ድንጋይ አይወረውሩባትም። እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የደበዘዘ ቢጫ፣ የደበዘዘ ቡናማ። መጋቢት ላይ ግን ወንዶቹ ልብስ ይቀይራሉ። ሆዳቸው እንደ አደይ አበባ ይደምቃል። ጭንቅላታቸው ደግሞ ይለያያል፦ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር ግራጫ። በአንድ ላም እግር ሥር ሦስት ዓይነት ቆብ።

መቶ አለቃው ለብዙ ዓመት ሦስት የተለያዩ ወፎች ይመስሏቸው ነበር። በኋላ የልጅ ልጃቸው ስልኳ ላይ ፈልጋ «አባባ፣ ወፏ እኮ አንድ ናት፤ የተለያየው የሚሄዱበት አገር ነው» አለቻቸው። ጥቁር ቆብ የለበሰው ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ የሚሄደው ነው። ግራጫው የሰሜን ስካንዲኔቪያና የሩሲያ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተራቸውን ወደ ኋላ ሲያገላብጡ ራሳቸው ሳያውቁት የጻፉትን አገኙ፦ በየዓመቱ ቀድሞ የሚጠፋው ጥቁር ቆቡ ነው፤ መጋቢት ሳያልቅ። ግራጫው ሚያዝያ እስኪጋመስ፣ አንዳንዴም እስኪያልቅ ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የባልካን መስክ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሰሜኑ በረዶ ገና አልቀለጠም። ቸኩሎ የሄደ በረዶ ላይ ይወድቃል። ቢሾፍቱ ላይ ላም እግር ሥር የቆመች አሥራ ስምንት ግራም ፍጥረት የላፕላንድ በረዶ መቼ እንደሚቀልጥ ታውቃለች። ከመሄዷ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ዕረፍት ትበላለች፤ ክብደቷ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ያ ስብ ሰሃራን የሚያሻግራት ነዳጅ ነው። ነዳጁን የምትሞላው ሌላ ቦታ አይደለም፤ በደብዳቤው ላይ «ለማንኛውም አገልግሎት ያልዋለ» የተባለው ሣር ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባለሙያዎች በጥር የውሃ ወፎችን ይቆጥራሉ፤ በመላው ዓለም በዚያው ወር የሚደረግ ቆጠራ አካል ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ የሚሠሩትም በጥቂት ሰውና በጥቂት ገንዘብ ነው። ነገር ግን የጥር ቆጠራ የጥርን ነው የሚናገረው። መንጋው መቼ እንደተነሣ፣ የትኛው ቆብ መቼ እንደሄደ፣ ውሃው በየትኛው ሳምንት እንደሸሸ ለማወቅ በየማለዳው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ አገር ላይ ደግሞ በየማለዳው የሚሄድ ሰው አይታጣም፤ እረኛ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ጡረተኛ አለ። የሚጠይቃቸው ነው የሌለው። የተጠየቁ ጊዜም የሚጠየቁት ፊርማ ነው።

ስለ ፊርማ መቶ አለቃው የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሕጉን ያመጡት ከሃንጋር ነው። አንድ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ቴክኒሺያኑ ቅጽ ይሞላል፤ ይህ ተፈትሿል፣ ያ ተፈትሿል፣ ብልሽት የለም። «የለም» ብሎ መጻፍ ቀላል ይመስላል። አይደለም። «የለም» ብሎ የሚፈርም ሰው ያንን ቦታ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ መሆን አለበት። ያልታየ ነገር ሣጥኑ ባዶ ይተዋል እንጂ «የለም» አይባልም። ደብተራቸውም በዚህ ሕግ ይሄዳል። ያልሄዱበት ቀን ክፍት ነው። ሄደው አንድም ያላዩበት ቀን ግን «0» ይጻፋል።

ከወፍ ጋር የተዋወቁትም በመጀመሪያ ሃንጋር ውስጥ ነው። ሚግ 21 አየር የሚስበው በአፍንጫው በኩል ነው፤ አፉን ከፍቶ ነው የሚበርረው። አንድ ቀን ከዚያ አፍ ውስጥ ላባና የተጨማደደ ብረት አውጥተዋል። በመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮቹ ሲጠፉ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ሜዳ ላይ አርፎ ተቃጠለ፤ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ርግቦቹ ከሩቅ የመጡ አልነበሩም፤ የዚያው የባሕር ዳር ነዋሪዎች ነበሩ። የቴክኒሺያን ቤተሰብ ሁሉ በዚያ ሰሞን የሚያወራው ስለ ሞተር ነበር። መቶ አለቃው ግን አንድ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቃቸውም፦ ርግቦቹ በዚያ ሰዓት ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም? ሳይኖር አይቀርም። በየማለዳው የሚያያቸው የሆነ ዘበኛ ወይም ገበሬ።

ነገሩ ሕልም አይደለም። የእስራኤል አየር ኃይል ከሽመላና ከንስር ጋር እየተጋጨ አውሮፕላንም አብራሪም ያጣ ነበር፤ ምክንያቱም ከእኛ አገርና ከመላው ምሥራቅ አፍሪካ የሚመለሱት ወፎች ባሕር ስለማይወዱ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቀው ያልፋሉ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮሲ ሌሼም በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሞተር ተንሳፋፊ አውሮፕላን ከወፎቹ ጋር አብሮ እየበረረ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ከፍታ እንደሚያልፉ መዘገበ። ጦሩም በረራውን በዚያ ካርታ አስተካከለ። ግጭቱ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ወፍ አልተገደለም፣ ረግረግ አልደረቀም። የተለወጠው ሰዓት ነው።

አሁን ከቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ፣ በመጨረሻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ወደ ሰሜን የሚመለሱት ትልልቅ ክንፎች የሚነሡበት ሜዳ ነው ይሄ። መቶ አለቃው አውሮፕላን ይወዳሉ፤ ፕሮጀክቱን የሚቃወም ሰው ሲያጋጥማቸው ይከራከራሉ። ግን ደግሞ ያላቸው እውቀት ሁለት ስለት እንዳለው ያውቃሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን መመሪያ ከአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ድረስ ወፍ የሚስብ ነገር እንዲጠና ይመክራል። አንድ ሰነፍ ባለሙያ የእሳቸውን ደብተር ቢያገኝ «እንግዲያው ውሃው ይድረቅ» ሊል ይችላል። የነቃ ባለሙያ ቢያገኘው ደግሞ «በየካቲት መጨረሻ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ተጠንቀቁ» ይላል። ደብተሩ ያው ነው። መቶ አለቃው ለማን ይስጡት? እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጡም፤ የልጅ ልጃቸው ኢበርድ የተባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ ጥቂቱን አስገብታለች፣ የቀረው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

የጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት ዕለት (ሰውየው ከተማዋንም አንዳንዴ በድሮ ስሟ ይጠሯታል) ባለቤታቸው ስለ ወረቀቱ አነሡ። እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ወረቀቷን አልፈረምክም አሉ።»

«ገና ነኝ።»

«አርባ ዓመት ኪራይ ቤት ነው የኖርነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለማኅበሩ አዋጥተናል። እነዚያ ወፎችህ ሁለት አገር አላቸው። እኛ አንድ ቤት የለንም።»

መቶ አለቃው መልስ አልነበራቸውም። መልስ ያለው ካለ ይናገር። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህችን ሴት ያልፏታል። ወይ ስለ አካባቢ የማታውቅ ያደርጓታል፣ ወይ ስሟን ሳይጠሩ «የሕዝብ ቁጥር መጨመር» ብለው በአንድ ሐረግ ይጨርሷታል። እሷ ግን ትክክል ናት። ቤት የሌለው ጡረተኛ ስለ ላፕላንድ ወፍ እንዲጨነቅ መጠየቅ ቀልድ ነው። ሊጠየቅ የማይገባው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቤት ለማግኘት ሲል ያየውን አላየሁም ብሎ እንዲፈርም። ደብዳቤው «መሬቱን ስጡን» ብቻ ቢል ኖሮ መቶ አለቃው የካቲት ላይ ፈርመው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር።

ማክሰኞ፣ በፋሲካ ማግስት ሳምንት፣ ሊቀመንበሩ መጣ። አሁን ጾሙ ተፈቷል፤ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ከበሉ በኋላ መቶ አለቃው ብዕር አወጡና ከስማቸው ጎን ከመፈረማቸው በፊት ከደብዳቤው ግርጌ በእጃቸው ጻፉ፦

«በክረምት ውሃ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ክሬን ያድርበታል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ከብትና ወፍ ይጠቀሙበታል። ያየሁት ራሴ ነኝ፤ ደብተር አለኝ። በዳገቱ በኩል ያለው ጥግ ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ውሃ ደርሶበት አያውቅም፤ ለቤት ይሆናል።»

ከዚያ ፈረሙ።

ሊቀመንበሩ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ሦስት ልጅ ይዞ ኪራይ ቤት ነው የሚኖረው። «መቶ አለቃ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ አይደለም። የወፍ ታሪክ ነው። በዳገቱ በኩል ሃያ አራት ቤት አይገባም።»

«ስንት ይገባል?»

«አልተለካም።»

«ሳይለካ አይገባም አልክ?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ ደብዳቤው እንደገና ተጽፎ፣ ያው ሁለተኛ አንቀጽ እንዳለ ሆኖ፣ በሃያ ሦስት ስም መሄዱ ተሰማ። የመቶ አለቃው ስም ከማኅበሩ መዝገብ አልተሰረዘም፤ ከዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው የወጣው። የወር መዋጮአቸውን እንደ ወትሮው ከፈሉ፤ ደረሰኝም ተሰጣቸው።

ባለቤታቸው ሁለት ቀን አላናገሯቸውም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ መቶ አለቃው ባይኖኩላሩን አንገታቸው ላይ ሲያደርጉ፣ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«ያ በዳገቱ በኩል ያልከው ስፋቱ ስንት ነው?»

«አልለካሁትም።»

«ቆየኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሄዱ። ሚያዝያ ተጋምሷል፤ ሌሊት ትንሽ የበልግ ካፊያ ወርዶ ነበር፣ መሬቱ ይሸታል። ውሃው ሸሽቶ መሀል ላይ የሰሃን ያህል ቀርቷል። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በዳገቱ በኩል ካለው ግራር ተነሥተው እርምጃ መቁጠር ጀመሩ፤ ጮክ ብለው። መቶ አለቃው ታች ቆመው ከላሞቹ እግር ሥር ይቆጥራሉ። ሁለቱ ቁጥሮች እየተደባለቁባቸው ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመሩ።

«መቶ አርባ ሁለት!» አሉ ባለቤታቸው ከላይ። «በዚህኛው በኩል ደግሞ ቆይ።»

ግራጫ ቆብ የለበሱት ሦስት ነበሩ። አንዷ ከቀያዩ ጥጃ ኋላ፣ ሁለቱ ውሃው ጠርዝ ላይ። ሆዳቸው ሞልቶ የተንከባለሉ ይመስላሉ።

በማግስቱ ባለቤታቸው አልመጡም፤ የእርምጃውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ወደ ሊቀመንበሩ ሚስት ዘንድ ሄደዋል። መቶ አለቃው ብቻቸውን ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ከላም ላም እየተከተሉ ዞሩ። እረኛው ልጅ «ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?» አላቸው። ወደ ግራሩ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የውሃውን ጠርዝ ጻፉ። ከቢጫዋ ወፍ ስም ጎን «0» ብለው ጻፉና ፈረሙ።